ተመልሶ ያልተከፈተ ቅጂ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአንድ የኮምፒውተር ክበብ አባል የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ ጥፋት ለመናገር መነሣቴ ሳያስደንቃችሁ አይቀርም። ነገር ግን ጥፋቱ የራሴ ስለ ሆነ፣ ከእርሱም የተገኘው ትምህርት ሁላችንን ስለሚጠቅም፣ ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ለበዓሉ መጽሔት የቀድሞ ተማሪዎችን ፎቶግራፎች የመሰብሰቡ ሥራ ለክበባችን ተሰጥቶ ነበር። ከጀጎል ውስጥም ከሸዋ በር ውጭም ቤት ለቤት እየዞርን የተቀበልነውን ሁሉ በስካነር እያነሣን ዋናውን ለባለቤቱ መለስን። ፎቶግራፎቹና የስም ዝርዝሩ የተቀመጡት በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነበር። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በፕሮግራም ኀይል የሚሠራ ሌላ ኮምፒውተር ነው። የራሱ ዲስክና የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለው፤ ለተሸከመው ኮምፒውተር ግን ጥቂት ፋይሎች ብቻ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ሁለመናውን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ስፍራ ማሻገር ይቻላል፤ ይህም ኤክስፖርት ይባላል። ቨርቹዋልቦክስ በተባለው ፕሮግራም ኤክስፖርት ሲደረግ የማሽኑን መግለጫና የዲስኩን ግልባጭ አንድ ላይ የያዘ፣ ኦቪኤ የሚባል ጥቅል ይወጣል።

ይህን በየቀኑ በእጅ መሥራት አሰልቺ ነውና ትእዛዞቹን በተራ ጽፌ ስክሪፕት አዘጋጀሁ። ክሮን የተባለው ሰዓት ጠባቂ ፕሮግራም ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያስነሣው ነበር። ስክሪፕቱ ማሽኑን ያጠፋል፤ ጥቅሉን ያወጣል፤ በውጭ ዲስክ ላይ ያለውን የትናንቱን ጥቅል ይደመስሳል፤ አዲሱን በምትኩ ይገለብጣል፤ በመጨረሻም በኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን ያጠፋል። ጧት ጧት የፋይሉን ስም በውጭ ዲስኩ ላይ አይቼ ደስ እያለኝ ወደ ክፍል እገባ ነበር።

ፎቶግራፎቹ ሲበዙ ጥቅሉ እየከበደ ሄደ። የውጭ ዲስኩም ሞላና ግልበጣው ከመካከል ተቋረጠ፤ ስሙ ሙሉ፣ ሆዱ ግን ጎዶሎ የሆነ ፋይል ቀረ። ማንኛውም ትእዛዝ ሥራውን ሲጨርስ ቍጥር ይመልሳል፤ 0 ከሆነ ተሳክቷል፣ ሌላ ከሆነ ከሽፏል ማለት ነው። የእኔ ስክሪፕት ግን ይህን ቍጥር አንድ ቀን እንኳ ጠይቆ አያውቅም ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ መብራት ድንገት ተቋርጦ የኮምፒውተሩ ዲስክ ተበላሸ። ያን ጊዜ የተመካሁበትን ጥቅል ልከፍት ብሞክር እንቢ አለኝ።

አባቶቻችን ይህን ጉዳይ ያውቁት ነበር። ሐረር የመጽሐፍ ገልባጮችና የጠራዦች ከተማ ነበረች፤ በጀጎል ውስጥ በራስ ተፈሪ ቤት ባለው የሸሪፍ ሙዚየም የእጃቸው ሥራ እስከ ዛሬ ይታያል። ጥሩ ጸሐፊ የገለበጠውን ከዋናው ጋር አስተያይቶ የዘለለውን በመስመሮቹ መካከል ወይም በኅዳጉ ያርማል እንጂ ገጹ ስለ ሞላ ብቻ ጨረስኩ አይልም። እንዲሁም በ1973 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ በተጀመረ ጊዜ፣ አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ ሲቀር ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል በተባለ ስፍራ እንዲቀመጥ ተደርጓል። አንዱን ቢያገኘው ሌላው ይተርፋል ማለት ነው።

እኛም ከዚህ ተምረን ሥራችንን አስተካክለናል። አሁን ስክሪፕቱ ማሽኑን በሥርዓት ካጠፋ በኋላ በእርግጥ እስኪጠፋ ይጠብቃል። በዲስኩ ላይ በቂ ቦታ መኖሩን አስቀድሞ ይመለከታል። አንዱ ትእዛዝ ካልተሳካ ወደሚቀጥለው አያልፍም፤ የሆነውንም በመዝገብ ይጽፋል። ከተገለበጠ በኋላ ሻ 256 በተባለው ስሌት የሁለቱን ፋይሎች አሻራ ያስተያያል፤ በይዘቱ አንዲት ነገር ብትለወጥ አሻራው ይለወጣልና። አሮጌው የሚደመሰሰው አዲሱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። ቅጂዎቹም ሦስት ሆነዋል፤ ሦስተኛውን የክበባችን መምህር ዓርብ ዓርብ ሸዋ በርን አልፈው ወደ ቤታቸው ይወስዱታል። ስናፕሾት የሚባለውን ግን እንደ ቅጂ አንቈጥረውም፤ ከማሽኑ ጋር በአንድ ዲስክ ላይ ስለሚኖር አብሮ ይጠፋልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን በወር አንድ ጊዜ ጥቅሉን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ኢምፖርት አድርገን ማሽኑን ማስነሣታችን ነው። ከፎቶግራፎቹም አንዳንዱን ከፍተን በዓይናችን እናያለን። ተመልሶ ያልተከፈተ ቅጂ ተስፋ ነው እንጂ ቅጂ አይደለም።

የተከበራችሁ ወላጆች! ከደጃችሁ ለሁለተኛ ጊዜ አፍረን ስንቆም ፎቶግራፋችሁን ያለ ቍጣ መልሳችሁ ሰጥታችሁናል። ሆኖም አንድ አዛውንት የመጀመሪያውን ከሰጡን በኋላ ዐርፈው ስለ ነበር፣ ልጆቻቸው ቤቱን ሁሉ ፈልገው ፎቶግራፉን አላገኙትም። በመጽሔቱ ውስጥ ስማቸውን ጽፈን የፎቶግራፋቸውን ቦታ ባዶ ትተነዋል። ከእናንተ መካከል ከእርሳቸው ጋር የተነሣ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ፎቶግራፉን ያምጣልን። በዚህ ጊዜስ በደንብ እንጠብቀዋለን።