የዕለቱ ርእስ
እ.ኤ.አ. በ1997 ዴንቨር ላይ እንደ ተቋቋመው ላይትሃውስ ባሉ የድርሰት ማስተማሪያ ቤቶች፥ ርእስ ተቀብሎ ወዲያው መጻፍ የተለመደ ልምምድ ቢሆንም፥ ነገሩ ለጎጃምና ለጎንደር ሊቃውንት እንግዳ ሥርዓት አይደለም፤ የቅኔ ደቀ መዝሙር፥ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ እስኪደርስ ድረስ፥ ሰሙን ከወርቁ ሲያዋሕድ፥ ቅኔ ሲቆጥር ውሎ፥ የቆጠረውን በመምህሩ ፊት ይነግራልና። መምህሩም (በዚህ ላይ ምሕረት የለም) ያርመዋል። መንፈስ እስኪወርድለት የሚጠብቅ ደራሲ ግን፥ በእኔ አሳብ፥ ወረቀቱን ባዶ ያስቀራል። እንግዲህ በዴንቨር አጠገብ፥ በአውሮራ የምትኖሩ ሆይ፥ የዛሬው ርእስ ይህ ነው፦ ሌሊቱን በአውሮፕላን ማረፊያ ሲሠራ ያደረ ሰው፥ ጎሕ ሲቀድ በሐቫና ጎዳና ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ ለማን ይደውላል? ልብ ወለድ የከበደው በዕለት ማስታወሻው ይመልስ።