ስለ መሻርና ስለ ማካካስ

(በመምህራን ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገርበት ርእስ የኮምፒዩተር ሊቃውንት ብዙ የተከራከሩበት ነው፤ ነገር ግን ከእኛ የማርክ መዝገብ የራቀ አለመሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አንድ ሰው ከሒሳቡ 1,000 ብር አውጥቶ በሌላ ከተማ ለሚኖር ወንድሙ ላከ እንበል። ሥራው ሁለት ክፍል አለው፤ ከአንዱ መዝገብ መቀነስና በሌላው መጨመር። ተቀንሶ ሳይጨመር መብራት ቢጠፋ ገንዘቡ ከሁለቱም ወገን ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው የሥራ ጥቅል፥ ትራንዛክሽን የሚባለው፥ ወይ በሙሉ ይፈጸማል፥ ወይም ጨርሶ እንዳልተጀመረ ይሆናል የሚል ጽኑ ሕግ ወጣለት።

መዝገቡ በአንድ መሣሪያ ላይ ሲሆን ይህን ሕግ መጠበቅ ያን ያህል አያስቸግርም። በልዩ ልዩ ከተማ በተበተኑ መሣሪያዎች ላይ ሲሆን ግን፥ ጂም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ የተነተነው ባለ ሁለት ምዕራፍ ስምምነት ያስፈልጋል። አስተባባሪው አስቀድሞ «ተዘጋጅታችኋልን?» ብሎ ሁሉን ይጠይቃል፤ ሁሉም «አዎን» ካሉ «አጽኑ» ብሎ ያዛል፤ አንዱ እንኳ እንቢ ቢል ሁሉም ይተዋሉ። ችግሩ፥ «አዎን» ያለው ወገን ትእዛዙ እስኪደርሰው መዝገቡን ቆልፎ መጠበቁ ነው። በመካከሉ አስተባባሪው ቢሰናከል መዝገቡ እንደ ተቆለፈ ይቆያል፤ ምንም ያላጠፋ ሌላ ባለ ጉዳይም በደጅ ይጉላላል።

ስለዚህ ሕጉን በመጠኑ ማላላት ይገባል የሚሉ ሊቃውንት ተነሡ። ሄክተር ጋርሲያ ሞሊናና ኬኔት ሳሌም እ.ኤ.አ. በ1987 «ሳጋ» ብለው ባቀረቡት ዘዴ ረጅሙ ሥራ በትናንሽ ሥራዎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ወዲያው ይጸናል፥ ቁልፉም ይለቀቃል። ማካካሻም አስቀድሞ ይዘጋጅለታል። አራተኛው ሥራ ላይ እንቅፋት ቢገጥም፥ የሦስተኛው፥ የሁለተኛውና የመጀመሪያው ማካካሻ ከኋላ ወደ ፊት በተራ ይፈጸማል። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ሌቪ፥ ኮርዝና ሲልበርሻትዝ ይህንኑ አሳብ ከባለ ሁለት ምዕራፉ ስምምነት ጋር አዋሕደው፥ እያንዳንዱ ወገን «አዎን» እንዳለ ቁልፉን እንዲለቅ፥ የመጨረሻው ውሳኔ «ተዉ» ከሆነ ግን እንዲያካክስ የሚያደርግ ዘዴ አቀረቡ።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ልዩነት አለ። መሻር የተጻፈውን አጥፍቶ የቀድሞውን መመለስ ነው፤ ማካካስ ግን የተጻፈውን ሳይሸሽጉ ሌላ ጽፎ ማቃናት ነው። ቁልፉ ከተለቀቀ በኋላ መዝገቡን ሌላ ሰው አንብቦት ይሆናልና። ይህን እኛ መምህራን እናውቀዋለን። 54 የሚገባው ተማሪ በስሕተት 45 ተብሎ ካርዱ ለወላጁ ከተሰጠ በኋላ መዝገቡን በላጲስ ብንፍቀው ምን ይጠቅማል? አባቱ አይቶታል፤ ልጁም ተገሥጾበታል። ቁጥሩ ሲፋቅ የደረሰበት ኀዘን አብሮ አይፋቅም። ደግ መምህር በስሕተቱ ላይ መስመር ያሰምራል፤ ትክክለኛውን በጎኑ ጽፎ ይፈርማል፤ ከዚያም አባትየውን አስጠርቶ ያስረዳዋል። ማካካስ ማለት ይኸው ነው።

እንግዲህ ሕጉን የሚያላላ ሰው ሦስት ነገር ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። አንደኛ፥ ሥራው ማካካሻ አለውን? ከመክፈያ መሣሪያ የወጣ ጥሬ ገንዘብ በትእዛዝ አይመለስም፤ እንዲህ ያለው ሥራ ሌላው ሁሉ ከተረጋገጠ በኋላ በመጨረሻ ሊደረግ ይገባል። ሁለተኛ፥ ማካካሻው ራሱ ቢሰናከል፥ እጥፍ ሳይሆን ደጋግሞ ለመሞከር ይቻላልን? ሦስተኛ፥ በኋላ የሚታረመውን ነገር እውነት ነው ብሎ ያነበበ ማን ነው፤ መታረሙንስ ማን ይነግረዋል?

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ እንስራውን ዳግመኛ መሙላት ግን ይቻላል። ሕጉ ሲላላ የሚቀለው የመሣሪያው ሸክም ነው፤ የሰው ኀላፊነት ግን ይከብዳል። ለተማሪዎቻችንም ከዘዴው ጋር ይህን ልናስተምራቸው ይገባናል እላለሁ።