የሰረዝኳቸው ቁጥሮች



ሰዓት አትፍጅ ተብያለሁ። ስለዚህ የሠራሁትን አንድ ስህተት ብቻ ልንገራችሁ።

ለመመረቂያ ሥራዬ የ900 ሜጋኸርዝ ሲግናል መለኪያ ተሸክሜ በአዲስ አበባ መንገዶች ዞርኩ። ቁጥሩ አልረጋ አለኝ። አንድ እርምጃ ስራመድ ይወጣል፣ ግማሽ እርምጃ ስመለስ ይዘቅጣል። መሣሪያው የተበላሸ መሰለኝ። የየመንገዱን አማካይ ወሰድኩ፣ “የማይረቡትን” ዝቅተኛ ንባቦች ሰረዝኩ፣ የሚያምር ግራፍ አወጣሁ። ጥሩ ማርክም አገኘሁበት፤ መምህሮቼ ይቅር በሉኝ።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ አንድ ዲጂታል ሬዲዮ ተከልን። ስሌቱ ሲግናሉ ይበቃል ይላል፤ መልእክቱ ግን እየተቆራረጠ ይደርሳል። የሰረዝኳቸው ቁጥሮች ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው። መሣሪያው ደህና ነበር ለካ! ሞገዱ ከሕንፃ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ፣ ከአውቶቡስ እየነጠረ በብዙ መንገድ ይመጣል፤ አንዱ ሌላውን አንዴ ያግዘዋል፣ አንዴ ያጠፋዋል። ፌዲንግ የምንለው ይህንኑ ነው። በ900 ሜጋኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከጉድጓድ እስከ ጉድጓድ አንድ ስንዝር ያህል ቢሆን ነው።

ማሰራጫው በቀጥታ በማይታይበት ቦታ የሬይሌይ ሞዴል ይሠራል። በሞዴሉ መሠረት ኃይሉ ከአማካዩ 20 ዴሲቤል በታች የሚወርደው ከመቶ አንድ ጊዜ ነው። ትንሽ ይመስላል አይደል? ቢቶቹ በብዛት የሚበላሹት ግን እዚያ ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ጉድጓዱን በቅጽበት ያልፈዋል፤ ቆሞ የሚያወራው ምስኪን እዚያው ይቀራል።

ሁላችንም የተማርነው የሃታ ቀመር እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው ኦኩሙራ በቶኪዮ አካባቢ ከለካው ተነሥቶ ነው። ቀመሩ ሲግናሉ በርቀት በጥቅሉ ምን ያህል እንደሚደክም ይነግራል፤ ስለየስንዝሩ ጉድጓድ ዝም ይላል። እንጦጦንና ሸለቆዎቻችንንማ ከየት አይቷቸው!

እና መምህራን፣ አደራ። ተማሪ ግራፍ ይዞ ሲመጣ ጥሬ ንባቡንም ጠይቁት። ቀመሩን ከመጽሐፍ ያገኘዋል፤ የመርካቶን ልኬት ግን ወጥቶ ካልለካው ከየትም አያመጣውም።

የእኔ ደብተር እቤት አለ። በአንድ መስመር ብቻ ስለሰረዝኳቸው ቁጥሮቹ አሁንም ይነበባሉ። የሚፈልግ ተማሪ ካለ ነገ ይዤ እመጣለሁ።