ሙትን ማክበር ከመቼ ጀምሮ ነው?

(በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰብሳቢያችን «አንድ ቁም ነገር ተናገር» ብለው ስላዘዙኝ፣ ለዕድር ሰው ይስማማል ያልኩትን ይዤ ቀርቤአለሁ። የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1856 ጀርመን አገር፣ ኒያንደር በሚባል ሸለቆ፣ ድንጋይ ፈላጮች ከዋሻ ውስጥ ያልተለመደ አጥንት አወጡ። ሊቃውንት በሸለቆው ስም ኒያንደርታል አሉት። ይኸውም በአውሮፓ ኖሮ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት የጠፋ የሰው ዓይነት ነው። ብዙ ጊዜ እንደ አውሬ ይቆጠር ነበር።

በ1908 ግን ፈረንሳይ ውስጥ፣ ላ ሻፔል ኦ ሴን በተባለ ቦታ፣ የካቶሊክ ቀሳውስት ሲቆፍሩ አንድ የኒያንደርታል ሽማግሌ በጉድጓድ ውስጥ ተጋድሞ አገኙ። ጥርሱ አብዛኛው ረግፏል፤ መገጣጠሚያውም በቁርጥማት ተጎድቷል። «እውነት ተቀብሮ ነው ወይ?» የሚሉ ስለ ነበሩ ቦታው እንደ ገና ተቆፈረ። በ2013 የወጣው ጥናትም መቃብር ነው የሚለውን ደገፈ፤ ክርክሩ ግን ፈጽሞ አልተዘጋም።

በአገራችንስ? ኒያንደርታል በኢትዮጵያ አልተገኘም። ነገር ግን በ1997 በአፋር፣ በመካከለኛው አዋሽ፣ ሄርቶ ላይ 160,000 ዓመት ያህል ያስቆጠሩ፣ እኛን የሚመስሉ ሰዎች የራስ ቅል ተገኘ። እነ ዶክተር ብርሃነ አስፋውና ቲም ኋይት በ2003 ይፋ አደረጉት። አንደኛው የ6 ወይም የ7 ዓመት ልጅ ነው። ከሞተ በኋላ ሥጋው በድንጋይ ስለት ተለይቷል፤ ቅሉም ደጋግሞ በእጅ ከመያዙ የተነሣ ለስልሷል። አጥኚዎቹ ይህን ለሙት የተደረገ ሥርዓት ምልክት አድርገው ተረድተውታል።

ታዲያ እነዚያ ሰዎች መዝገብም፣ ወርኃዊ መዋጮም፣ ድንኳንም አልነበራቸውም። ሙታቸውን ግን ዝም ብለው አልጣሉም።

ይህን የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ከምንነጋገርባቸው ጉዳዮች አንዱ «ውዝፍ ያለባቸው አባላት ይሰረዙ» የሚል ነው። ደንብ ይከበር፤ እኔም እስማማለሁ። እየቻለ የማይከፍል ይቀጣ። ጉልበቱ የደከመ፣ ጧሪ ያጣ ሽማግሌ ግን ስሙ ከመዝገብ አይፋቅ። እኛ የግሸን ሰዎች መስከረም 21 ቀን ለንግሥ የመጣ እንግዳ እዚህ ቢያርፍ፣ መዋጮ ከፍሎ ነበር ወይ ብለን አንጠይቅም፤ እንቀብረዋለን። ለማናውቀው ሰው ይህን ካደረግን፣ ትናንት ከእኛ ጋር ቃሬዛ ሲሸከም ለኖረው አባት እንዴት እንነፍገዋለን?

ስለዚህ ድምፅ ከመስጠታችን በፊት የውዝፈኞቹ ስም አንድ በአንድ ይነበብና ማን አቅም እንዳጣ ይጣራ እላለሁ።