ስለ ጤና አዳም፤ አተካከሉና መጠኑ



በደጋና በወይና ደጋ አገር ጓሮ ካለው ቤት ጤና አዳም የሌለበት እምብዛም አይገኝም። ቡና ሲቀዳ ልጅ ተልኮ አንድ ቀንበጥ ቀጥፎ ይመጣል፤ አይብ ሲዘጋጅም በርበሬ ሲደለዝም እርሱ አይቀርም። ነገር ግን ሰው ዘወትር የሚያየውን ነገር ያወቀው ይመስለዋልና፤ የዚህ ተክል ጥቂቱ ምግብን እንደሚያጣፍጥ፤ ብዙው ግን ሰውነትን እንደሚጐዳ ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግር ስለ አተካከሉ ብቻ ሳይኾን ስለ መጠኑም ነው።

ጤና አዳም በምግብ መግባቱ ጥንታዊ ነው። በሉቃስ ወንጌል በ11ኛው ምዕራፍ በቍጥር 42 ፈሪሳውያን ዐሥራት ከሚያወጡባቸው አትክልቶች አንዱ ኾኖ ተጠቅሷል። የስዊድኑ የዕፀዋት ሊቅ ካርል ሊኔዎስ በ1767 ዓ.ም. በአውሮፓ አቈጣጠር ሩታ ካሌፔንሲስ ብሎ ሰየመው፤ ሁለተኛው ቃል የሐለብ ማለት ነው፤ ሐለብም የሶርያ ከተማ ናት። በሊቃውንቱ አከፋፈል ጤና አዳም የሎሚና የብርቱካን ዘመድ ነው። ይህን የሚጠራጠር ተማሪ ቢኖር፤ መምህሩ አንድ ቅጠል ወደ ብርሃን አንሥቶ ያሳየው፤ በመርፌ የተበሳ የሚመስል ብርሃን የሚያሳልፍ ነጠብጣብ ያያል። የሎሚም ቅጠል እንዲሁ ነው። ነጠብጣቡ የዘይት ከረጢት ነው፤ ሽታውም የሚመጣው ከዚያ ነው። አበባው ሲፈነዳ ደግሞ ልጆቹ ቢጫውን ቅጠል ይቍጠሩ፤ በዘለላው መካከል ቀድሞ የሚፈነዳው አምስት፤ በዙሪያው ያሉት ግን አራት አራት ናቸው። ቍጥርን ለሚማር ልጅ ከዚህ የተሻለ ሰሌዳ የለም።

አተካከሉ ቀላል ነው። ከዘር ይበቅላል፤ ነገር ግን ከቅርንጫፍ መትከል ይፈጥናል። ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር የሚኾን፤ እንጨትነቱ ያልጠና ያላበበ ቀንበጥ ይቈረጣል፤ የታችኛው ቅጠል ይራገፋል፤ እስከ ግማሹ በለሰለሰ አፈር ይተከልና ሥር እስኪይዝ በጥላ ይጠበቃል። ይህም አንድ ወር ወይም ከዚያ ጥቂት የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ጤና አዳም ፀሐይ ይወዳል፤ ጠጠር ያለበትን ደረቅ መሬት ይታገሣል፤ ውሃ የሚተኛበት መሬት ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ ሐምሌና ነሐሴ ውሃ በሚቋጥርበት ጥቍር አፈር ላይ መደቡን ከፍ አድርጎ፤ ወይም ዝናቡ ሲቀንስ በመስከረም መትከል ይሻላል። በአንዱና በሁለተኛው መካከል ግማሽ ሜትር ያኽል ይተዋል። ሲያረጅ ግንዱ ይደርቃልና ከእርሱው ቀንበጥ ወስዶ አዲስ መተካት ነው።

በትምህርት ቤት አትክልት ውስጥ ሲተከል ግን ከመተላለፊያ መንገድ ይራቅ። ምክንያቱም የቅጠሉ ጭማቂ በቆዳ ላይ ከነካ በኋላ ያ ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው እሳት እንደ ነካው ያቃጥላል፤ ውሃም ይቋጥራል። ቍስሉ ወዲያው አይወጣም፤ በማግሥቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ይታያል፤ ከዳነም በኋላ ጥቍር ምልክቱ ለብዙ ጊዜ ይቈያል። ሰኞ አትክልት ሲያርም የዋለ ልጅ ረቡዕ ክንዱ ውሃ ቢቋጥር፤ እናቱ ምች መታው ብላ ያንኑ ቅጠል ጨቅጭቃ ልትቀባው ትችላለች፤ ያን ጊዜ ጕዳቱ ይበረታል። ስለዚህ ልጆች ቅርንጫፍ የሚቈርጡት ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ወይም ወደ ማታ፤ ክንዳቸውን ሸፍነው ይኹን፤ እጃቸውንም በሳሙና ይታጠቡ።

ወደ ወጥ ቤት ሲገባ አገልግሎቱ ብዙ ነው። ለቡና አንድ ትንሽ ቀንበጥ በስኒ ይደረግና ትኩስ ቡና ይቀዳበታል፤ ሽታውን ከሰጠ በኋላ ይወጣል። በጀበና ውስጥ አብሮ የሚያፈሉት አሉ፤ ይህ ግን መራራነቱን አውጥቶ የቡናውን ጣዕም ማጥፋት ነው። ለአይብ ጥቂት ቅጠል ከነጭ ሽንኵርት ጋራ ተከትፎ ይገባል። ፍሬው ከቅጠሉ ይልቅ ኀይለኛ ነው፤ በጥላ ደርቆ ከኮረሪማና ከጥቍር አዝሙድ ጋራ ለበርበሬ ቅመም ይኾናል፤ መጠኑ ግን ከእነርሱ ያነሰ ነው። የደረቀ ቅጠል ሽታው ስለሚጠፋ ማስቀመጡ አይጠቅምም፤ ተክሉ በደጅ ቆሞ ሳለ ማድረቅስ ለምን ያስፈልጋል?

እንዲህ በቀንበጥና በቍንጥር የሚገባው ሌላ ነው፤ በእፍኝ ተወቅጦ ተጨምቆ የሚጠጣው ሌላ ነው። ስሙ የአዳም ጤና ማለት ስለ ኾነ ብዙ ሰው ሲበዛ ጤናን የሚያበዛ ይመስለዋል። ጭማቂው ሲበዛ ጨጓራን ያቃጥላል፤ ያስታውካል፤ ጕበትንና ኵላሊትን ይጐዳል። ከኹሉ ይልቅ ነፍሰ ጡር ሴት ልትጠነቀቀው ይገባታል፤ ማኅፀንን አነቃንቆ ፅንስን ያስወርዳልና። ይህን ዐውቀው በስውር የሚጠጡ ሴቶች ፅንሱን ብቻ ሳይኾን የራሳቸውንም ሕይወት ለሞት ይሰጣሉ። በአገራችን እንዲህ ያለ ነገር በይሉኝታ ስለሚሸፈን፤ የሚያስጠነቅቅ ሰው እስኪታጣ ድረስ ይደርሳል። ስለዚህ ሽማግሎችና አሮጊቶች ነገሩን በቤታቸው በግልጽ ቢናገሩት ነውር የለበትም። ሆዱን ለቈረጠው ሕፃንም ጭማቂውን መጋት ልማድ ነው፤ ነገር ግን ለትልቅ ሰው ጥቂት የኾነው ለሕፃን ብዙ ነው፤ በማንኪያ ውስጥ ያለውንም ኀይል የሚመዝን ሚዛን በቤት የለም።

ጠጥቶ የታመመ ሰው ቢገኝ፤ ሌላ መድኀኒት ይጨመርበት ሳይባል ፈጥኖ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። የሚወስደውም ሰው ከዚያው ተክል አንድ ቅርንጫፍ ይያዝ፤ ምን ያኽል እንደ ተጠጣና በስንት ሰዓት እንደ ኾነም ሳይደብቅ ለሐኪሙ ይንገር።