ወንዙን ወክሎ መክሰስ
(በአዋሽ ሰባት ኪሎና በሰመራ ለመስጂድ ጀመዓ የተደረገ ንግግር)



 ባለፈው ሳምንት በዚሁ ጉዳይ አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ ተናግሬ ነበር። ስጨርስ አንድ አባት ከኋላ ተነሱና «የኔ ልጅ፣ ብዙ አንቀጽ ነገርከን። እኔ ፍርድ ቤት ብሄድ ምን ልበል? ፍየሌ ሞተች ልበል ወይስ ወንዙ ታመመ ልበል?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሕግ ሳስተምር በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ጥያቄ እንዲህ አሳጥሮ የጠየቀኝ ተማሪ አላጋጠመኝም። ያን ዕለት የሰጠኋቸው መልስ እኔንም አላረካኝም። የዛሬው ንግግሬ ለእሳቸው የምልከው መልስ ነው፤ ወደዚያ የምትሄዱ በዳጉ አድርሱልኝ።

«ፍየሌ ሞተች» ብሎ መክሰስ ይቻላል። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን በአንቀጽ 33 ከሳሽ በነገሩ ጥቅም ያለው ሰው መሆን አለበት ይላል፤ ባለ ፍየሉ ደግሞ ጥቅም አለው። ነገር ግን ፍየሏን የገደላት ውሃው መሆኑን ለማስረዳት የላቦራቶሪ ምርመራ ያስፈልጋል፣ ባለሙያ ያስፈልጋል፣ ጠበቃ ያስፈልጋል፣ ለየቀጠሮው የአውቶቡስ ገንዘብ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ሲደመር የፍየሏን ዋጋ ብዙ ጊዜ ያጥፋል። ስለዚህ ባለ ፍየሉ ይተወዋል። ጎረቤቱም ይተወዋል። ከላይ ሆኖ ወንዙን የሚያበላሸው የሚተማመነው በዚህ ነው። የእያንዳንዳችን ጉዳት ለክስ ያንሳል፣ የሁላችንን ጉዳት አንድ ላይ ይዞ የሚቀርብ ሰው ደግሞ የለም።

ይህን ቋጠሮ ለመፍታት ዕድሜያቸውን ከሰጡ ሰዎች አንዱ ህንዳዊው የሕግ ፕሮፌሰር ኡፔንድራ ባክሲ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1938 ጉጃራት ውስጥ ተወለዱ። ከ1973 ጀምሮ በዴልሂ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ፤ በኋላም ዩኒቨርሲቲውን መሩ። የሕግ መምህር ሥራ ክፍል ገብቶ ማስተማር፣ ፈተና ማረም፣ መጽሐፍ መጻፍ ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ፣ ምቹ ሥራ ነው። ባክሲ ግን በ1979 ከሦስት ባልደረቦቻቸው ጋር ለአገሪቱ ዋና ዳኛ ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ነገሩ በፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የተደፈረች የአንዲት ድሃ ልጅ ጉዳይ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ልጅቷ መታገሏን የሚያሳይ ምልክት የለም ብሎ ሁለቱን ፖሊሶች በነፃ አሰናብቷቸዋል። አራቱ መምህራን የፍርዱን ስህተት ነቅሰው ጻፉ። ፍርዱ አልተለወጠም። በአገሩ የተነሳው ቁጣ ግን አልበረደም፣ እ.ኤ.አ. በ1983 ሕጉ ራሱ ተሻሻለ።

በ1981 ደግሞ ባክሲና የሥራ ባልደረባቸው ሎቲካ ሳርካር ሌላ ደብዳቤ ጻፉ። አግራ ከተማ ውስጥ መንግሥት «መጠበቂያ» ብሎ በሚጠራው ቤት ሴቶች ሰው በማይኖርበት ሁኔታ ተይዘው ነበር። ሁለቱ መምህራን የሴቶቹ ዘመድ አይደሉም። ውክልናም አልተሰጣቸውም። የላኩትም በወጉ የተዘጋጀ የክስ ማመልከቻ ሳይሆን ደብዳቤ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደብዳቤውን እንደ ክስ ቆጥሮ መዝገብ ከፈተ። በዚያን ዘመን ዳኛ ባግዋቲና መሰሎቻቸው፣ የተጎዳው ሰው በድህነቱ ወይም በአቅመ ቢስነቱ ፍርድ ቤት መድረስ ካልቻለ ሌላ ሰው ስለ እሱ ሊቆም ይችላል የሚለውን መንገድ እየከፈቱ ነበር። የአግራው መዝገብ ግን በአንድ ቀን አልተዘጋም። ዓመታት ወሰደ፤ ትእዛዝ ወጣ፣ ተፈጸመ ወይ ተብሎ ተጠየቀ፣ እንደገና ትእዛዝ ወጣ። ፕሮፌሰሩ እያስተማሩ መዝገባቸውን ተከታተሉ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ክትትል ነው። ደብዳቤ መጻፍ የአንድ ሌሊት ሥራ ነው።

ሰዎች ይህን ዓይነት ሙግት «የሕዝብ ጥቅም ክስ» ይሉታል። ባክሲ ስሙ ከአሜሪካ የተወሰደ ነው፣ የእኛ ከሌላ ቦታ የበቀለ ነው ብለው «የማኅበራዊ እርምጃ ክስ» ማለትን መረጡ። ስሙ ላይ አልከራከርም።

በዚያው አገር ማህታ የሚባሉ ጠበቃ የጋንጅስን ወንዝ ጉዳይ ይዘው ቀረቡ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1987 ካንፑር ከተማ ያሉ ቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሻቸውን ሳያጣሩ ወደ ወንዙ እንዳይለቁ፣ ማጣሪያ ያላቆሙትም ሥራ እንዲያቆሙ አዘዘ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ፣ ጠበቃው በወንዙ ዳር መሬት ባይኖራቸውም ውሃውን የሚጠጣው ሕዝብ ሕይወት ይገደኛል ብለው መክሰስ ይችላሉ አለ። የአዋሹ አባት ጥያቄ እዚያ ተመልሷል ማለት ነው፤ ወንዙ ታመመ ተብሎ ተከሰሰ፣ ክሱም ተሰማ።

ይህ ሐሳብ ለእኛ ለሙስሊሞች እንግዳ መሆን የለበትም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰዎች ውሃን፣ ግጦሽንና እሳትን እንደሚጋሩ አስተምረውናል፤ ለአርብቶ አደር ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ፈርዱል ኪፋያንም ታውቃላችሁ። ጥቂቶች ከፈጸሙት ከሌላው ይወርዳል፤ ማንም ካልፈጸመው ሁሉም ተጠያቂ ነው። ጀናዛን እንዲህ እንረዳዋለን። ስለ ውሃችን መሟገትንስ?

አሁን ወደ አገራችን ሕግ ልምጣ። የህንዶቹ መምህራን በደብዳቤ ያንኳኩት በር እኛ ዘንድ በጽሑፍ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች የሚወክል ሰው ፍትሕ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሁሉም ሰው መብት ነው ይላል። አንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከሁሉ ግን በደንብ እንድትይዙልኝ የምፈልገው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 አንቀጽ 11ን ነው። ማንኛውም ሰው፣ ልብ በሉ ማንኛውም ሰው፣ ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው አካባቢን ስለሚጎዳ ድርጊት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል። ባለ ፍየል መሆን አያስፈልግም።

ይህን በር የነካ አለ? አለ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አፓፕ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የባለሙያዎች ማኅበር፣ የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ሲበከሉ ዝም ብሏል ብሎ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣንን አዲስ አበባ ላይ ከሰሰ። አቃቂ ከአዲስ አበባ ፍሳሹን ተሸክሞ በአባ ሳሙኤል በኩል አዋሽ ይገባል። ሞጆ የቆዳ ፋብሪካ ባለበት ከተማ አጠገብ አልፎ ቆቃ ይገባል። ከቆቃ በታች መተሐራ፣ አዋሽ፣ አሚባራ፣ ዱብቲ፣ አሳኢታ እያለ ይሄዳል። አዋሽ ደግሞ ባሕር የሚደርስ ወንዝ አይደለም፤ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1200 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። የመጣው ሁሉ እኛ ዘንድ ይቀራል። ስለዚህ ያ ክስ፣ ወሬው እዚህ ደርሶም ይሁን ሳይደርስ፣ የእኛ ክስ ነበር።

ፍርድ ቤቱ ክሱን አልተቀበለውም። በዳኞቹ ላይ መናገር ቀላል ነው። እኔ ግን መዝገቡ ሲዘጋ ከዚህ ሸለቆ ማን «ለምን?» አለ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። እኔም አላልኩም።

ያሸነፉም አሉ። በ1997ቱ ምርጫ ዋዜማ ምርጫ ቦርድ የአገር ውስጥ ታዛቢዎችን ሲከለክል፣ ነፃነት ደምሴ ይመሩት የነበረውን ጨምሮ የሲቪክ ድርጅቶች ቦርዱን ከሰሱ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ድምፅ ሊሰጥ ቀናት ብቻ ቀርተው ነበር። ከሳሾቹ ለኪሳቸው ያገኙት ነገር የለም። ነፃነት ከምርጫው በኋላ በነበረው እስር ከዳንኤል በቀለ ጋር ተይዘው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ እስር ቤት ቆዩ። ቀጥሎ አዋጅ 621/2001 መጣ። በመብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከገቢው 10 በመቶ በላይ ከውጭ አይቀበልም ተባለ፣ ብዙዎቹም ሥራቸውን ቀየሩ ወይም ተዳከሙ። ያ አዋጅ በ2011 በአዋጅ 1113 ተተካ። በ2013 የወጣው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ 1234ም ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሰብዓዊ መብትን ለማስከበር ውሳኔ እንዲሰጥ ሥልጣን ሰጠው። በሩ ከበፊቱ ሰፍቷል። የሚገባበት ሰው ነው የጠፋው።

እኛ ፍርድ ቤትን በደንብ እናውቀዋለን፤ ያወቅነው ግን በተከሳሽ ወገን ነው። ሐምሌ 2004 ኮሚቴዎቻችን ታሰሩ፤ በፀረ ሽብር አዋጅ 652 ተከሰሱ። በሐምሌ 2007 ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። በእነዚያ ዓመታት ቀጠሮ፣ ችሎት፣ ይግባኝ የሚሉት ቃላት በየቤታችን ገቡ። እናቶች ሳይቀሩ የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ ያውቁ ነበር። ያን ንቃት ከሳሽ ሆነን ስንቆም አላየሁትም። ያኔ ቀን መቁጠር ችለናል፣ ለውሃችን ግን አልቆጠርንም።

ቀን ስለ መቁጠር ካነሳሁ አንድ ነገር ልናዘዝ። ስሙን በማልጠቅሰው የዚህ ሸለቆ መንደር ሰዎች የውሃ አቤቱታ ይዘው ወደ እኔ መጡ። ወጣት መምህር ነበርኩ፤ አንቀጽ 11ን በዚያው ሰሞን ክፍል ውስጥ አስተምሬያለሁ። አቤቱታውን ጻፍኩላቸው፣ አስገቡት፣ መልስ አልመጣም። 30 ቀኑ አለፈ። የፈተና ወቅት ነበር፤ ወረቀት ማረም ላይ ነበርኩ። መልስ ይመጣል እያልኩ 60ውም አለፈ። ሰዎቹ ሲመለሱ በስስ ፌስታል የጠቀለሉትን ግልባጭ አወጡልኝ፤ ላዩ ላይ የመዝገብ ቤቱ ማህተምና ቀን አለ። እነሱ የድርሻቸውን አድርገዋል። እኔ ነኝ ያልቆጠርኩት። ከመካከላቸው አንዱ «አይዞህ መምህር» አለኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ይከብደኛል። የባክሲን ደብዳቤዎች ለተማሪ ሳወራ ደብዳቤውን ሳይሆን ክትትሉን አስቀድሜ የምነግረው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ጠበቃ አይጠፋም። ደንቡ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ለድሃ በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግል ያዝዝ ነበር፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ አብሮ የሚቆም ባለሙያ እናፈላልጋለን። የሚጠፋው ማስረጃ ነው። ማስረጃ ላይ ደግሞ ከእናንተ የሚበልጥ የለም። ዳጉ ላይ ሰው ሲገናኝ የሚጠይቀውን አስቡት፦ የት አየህ? መቼ? በዓይንህ ነው ወይስ ሰማህ? ከማን? ፍርድ ቤት ምስክርን የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ የሰሚ ሰሚ ምስክርነትን ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ይፈጅብኛል፤ የአፋር እረኛ በአሥር ዓመቱ ያውቀዋል። የጎደለን ዳጉውን ወረቀት ላይ ማስፈር ብቻ ነው።

በጠርሙስ ውሃ ቀድታችሁ እንዳታመጡልኝ። ማን፣ የት፣ መቼ እንደቀዳው ያልተጻፈበት ጠርሙስ ዳኛ ፊት ዋጋ የለውም። ውሃው ቀለሙ ወይም ሽታው የተለወጠበትን ቀን ጻፉ። ከብት የሞተበትን ቀን፣ የጠጣበትን ቦታ፣ አብሮ ያየውን ሰው ጻፉ። ልጅ ታሞ ጤና ጣቢያ ከሄደ ካርዱን አትጣሉ። አቤቱታ ስታስገቡ ማህተም ያለበትን ግልባጭ ሳትይዙ ከመዝገብ ቤት አትውጡ፤ «ተቀብለናል፣ ሂዱ» የሚል ቃል 30 ቀኑን አያስቆጥርም። የቀን ቆጠራውን ለአንድ ሰው ሳይሆን ለሦስት ሰው ስጡ። አንዱ እንደ እኔ ሥራ ይበዛበት ይሆናል።

ይህ የሙስሊም ብቻ ጉዳይም አይደለም። ከቆቃ ጀምሮ በወንዙ ዳር ያለው ገበሬና አርብቶ አደር፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ያንኑ ውሃ ነው የሚጠጣው። ከላይ ያሉትን ካገኘን አብረን እንፈርማለን።

ለአዋሹ አባት መልሴን አድርሱልኝ። ሁለቱንም ይበሉ። ፍየሏን በማስረጃ ያስመዝግቡ፤ ክሱ ግን የወንዙ ነው።

ከአስር ሶላት በኋላ ደብተር ይዤ ከዉዱእ ቦታው አጠገብ ባለው ክፍል እቀመጣለሁ። ስም፣ ቀበሌ፣ ቀን፣ ያያችሁት ነገር። እህቶች፣ ውሃ የምትቀዱት እናንተ ናችሁና መጀመሪያ የምጽፈው የእናንተን ነው። ወንዶች ትንሽ ጠብቁ። መጻፍ የምትችሉ ወጣቶች ሁለት ሦስት ሆናችሁ እርዱኝ፤ አፋርኛ የምጽፍ እኔ አይደለሁም።