ስለ ባሕር ዳርቻ የቤተሰብ ጉዞ ለማኅበራችን አባላት የተደረገ ንግግር



በጠቅላላ ስብሰባው በቃል የተናገርነውን፣ በዕለቱ ላልተገኙት አባላት ሲባል እነሆ በሰሌዳው ላይ አውጥተነዋል።

ባለፉት ስብሰባዎቻችን መዋጮ ከተከፈለና ሒሳብ ከተነበበ በኋላ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፣ «ልጆቻችን ባሕር አይተው አያውቁም፤ እኛም አላየንም፤ ትምህርት ሲዘጋ አንድ ጊዜ ቤተሰብ ይዘን ሞምባሳ ብንሄድስ?» የሚል ነው። የሳቁ ነበሩ። እኛ ግን የሚያስቅ ነገር አላየንበትም። ዓመት ሙሉ ሲለፋ የኖረ ሰው ከልጆቹ ጋራ ጥቂት ቀን ማረፍን ቢመኝ ነውር የለበትም። የሚያሳስበው ከጥያቄው ጋራ ተያይዞ የመጣው ሐሳብ ነው፤ «ገንዘቡን ማኅበሩ ከሣጥኑ ያበድረን» የተባለው።

እንግዲህ ስለ ገንዘቡ አስቀድመን እንናገር። የማኅበራችን ሣጥን የኀዘን ሣጥን ነው። ሞት ቀጠሮ አይሰጥም። ሌሊት ለቅሶ የገባበት ቤት ድንኳኑንም፣ ወንበሩንም፣ የቀብሩንም ወጪ የሚጠብቀው ከዚሁ ሣጥን ነው። ገንዘቡ ሞምባሳ ሄዶ ሳለ እዚህ ለቅሶ ቢገባ ምን ልንል ነው? «ተጓዦቹ ተመልሰው እስኪከፍሉ ታገሡን» አይባል ነገር። ስለዚህ ኮሚቴው የደረሰበት ሐሳብ፣ ከዕድሩ ሣጥን ለጉዞ አንድ ብር እንዳይነካ፣ መሄድ የፈለገ ግን በስሙ በባንክ የጉዞ ቁጠባ እንዲጀምር ነው።

ቁጠባውም እንዲህ ይታሰባል። መጀመሪያ የመሳፈሪያው፣ የማደሪያው፣ የምግቡና የመግቢያው ዋጋ ተጠይቆ ይደመራል። በዚያ ላይ ለሕመምና ላልታሰበ ነገር ሩቡ ይጨመራል። ከዚያ በወር ይካፈላል። ለምሳሌ ለአንድ ቤተሰብ ድምሩ 240,000 ብር ቢመጣ፣ በ24 ወር ሲካፈል በየወሩ 10,000 ብር ይሆናል። ይህን ያህል የማይችል ቤት ወሩን ያስረዝም፣ ወይም የቀኑን ቁጥር ይቀንስ። በብድር ሄዶ የተመለሰ ሰው ግን ልጁ የመስከረም ደብተር ሲጠይቀው የሚመልሰው የለውም።

ሁለተኛው ነገር መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከሞያሌ ናይሮቢም እንዲሁ ከ700 በላይ ነው። ከናይሮቢ ሞምባሳ እ.ኤ.አ. በ2017 ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡር አለ፤ ፈጣኑ አምስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። በመኪና የሚሄድ ቤተሰብ ሕፃናት ይዞ በደህና ልጓዝ ካለ ለመሄጃ ሦስት ቀን፣ ለመመለሻም ሦስት ቀን ይያዝ። እንግዲህ አስበት፤ የአሥር ቀን ዕረፍት ያለው ሰው ስድስቱን ቀን በመንገድ ከጨረሰ ባሕሩን የሚያየው መቼ ነው? ስለዚህ በየብስ የሚሄድ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይኑረው፤ ከመነሣቱም በፊት የመንገዱን ሰላም ይጠይቅ። ሁለት ሳምንት የሌለው የአውሮፕላኑን ዋጋ ጠይቆ ያወዳድር።

ሦስተኛው ወቅቱ ነው። በዚያ ጠረፍ ዝናቡ የሚበረታው በሚያዝያና በግንቦት ነው። ልጆቻችን የሚያርፉበት ሐምሌና ነሐሴ ለእነሱ ሙቀቱ የሚቀንስበት ጊዜ ስለሆነ የደጋ ሰው ይችለዋል። ነገር ግን ነሐሴ 1 ቀን ፍልሰታ ይገባል። ጿሚ ያለበት ቤት በሐምሌ ቢሄድ ይሻላል፤ በጾም የሄደም ቢሆን ጦሙን አያድርም፣ በኮኮናት የተሠራ ቦሎቄና ሩዝ በየምግብ ቤቱ ይገኛል። እስላም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ በጠረፉ ብዙ እስላም ስለሚኖር ስለ ሥጋው ሐሳብ አይግባቸው።

አራተኛው ወረቀቱና ጤናው ነው። ኢትዮጵያዊ ኬንያ የሚገባው ያለ ቪዛ ቢሆንም ሕፃንም ሆነ ትልቅ ሰው ለየራሱ ፓስፖርት ያስፈልገዋል። ደንብ ሊለወጥ ስለሚችል ከመነሣት በፊት ኤምባሲውን መጠየቅ ደግ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ተወስዶ ቢጫዋ ካርድ ከፓስፖርቱ ጋራ ትያዝ። ጠረፉ የወባ አገር ነውና ስለ መከላከያው መድኃኒት ሐኪም ይጠየቅ፤ ማታ ያለ አጎበር አይተኛ። እናቶች ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ በኬንያ ፌስታል ከ2017 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ዳቦ ቆሎውንና በሶውን በጨርቅ ከረጢት ያዙት።

ስለ ሰዓትም አንድ ነገር እንንገራችሁ። የጠረፉ ሰዎች በስዋሂሊ ሲናገሩ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛው ነው፤ ጧት አንድ ሰዓት ካሉ አንድ ሰዓት ነው። በባቡሩ ትኬት ላይ የሚጻፈው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው። ይህን ያላስተዋለ ሰው ባቡሩ ያመልጠዋል።

አምስተኛውና ከሁሉ የሚያስፈራን ውኃው ነው። ባሕር እንደ ሐይቅ በአንድ ቦታ አይቆምም። በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ሲሸሽ ሩቅ ድረስ በእግር ያስኬዳል፣ ልጆችም ዛጎል ሲለቅሙ ይርቃሉ፤ ሲመለስ ግን ከኋላ ይከብባል። በሐምሌ ደግሞ ነፋሱ ማዕበሉን ያበረታዋል። ዋና የማይችል ልጅ ከጉልበቱ በላይ አይግባ። ሁልጊዜ አንድ ትልቅ ሰው ስልኩን ትቶ ልጆቹን ይጠብቅ፤ በተራ ቢሆን አይከብድም። እሾህ ያለው የባሕር ፍጥረት ስላለም በጫማ መግባት ነው። ባምቡሪ በሚባለው ሠፈር ሕዝብ በነጻ የሚገባበት ዳርቻ ስላለ ውድ ሆቴል ያልያዘም ባሕሩን አይከለከልም።

ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ መንገድ ሄዶ አሸዋ ላይ ብቻ ተጋድሞ መመለስ ለልጆቹ ማጉደል ነው። በሞምባሳ ፎርት ጂሰስ፣ በእኛ አፍ የኢየሱስ ምሽግ የሚባለው አለ። ፖርቱጋሎች በ1593 መሥራት የጀመሩት ሲሆን የኦማን ዐረቦች ለሦስት ዓመት ጥቂት በጎደለው ከበባ በ1698 ወሰዱት። በእንግሊዞች ዘመን እስር ቤት ሆነ፤ ዛሬ ሙዚየም ነው፤ በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሄዱ ጌዲ አለ። ከባሕር ድንጋይ የተሠራ መስጊድ፣ ቤተ መንግሥትና የውኃ ጉድጓድ ያለው፣ ሰው ለቆት ጫካ የዋጠው ከተማ ነው። እሱም በ2024 ተመዝግቧል።

ከጌዲ አለፍ ብሎ ማሊንዲ ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 እዚያ ደርሶ የሕንድን መንገድ የሚያውቅ መሪ አግኝቶ ተሻገረ። ያቆመው የድንጋይ ዐምድ ይታያል። የዚህ ሰው ልጅ ክሪስቶፎር ዳ ጋማ ነው በ1541 አራት መቶ ያህል ነፍጠኛ ይዞ በምጽዋ በኩል አገራችን የገባው፤ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ተዋግቶ በ1542 ተማርኮ ተገደለ። ልጆቻችን በትምህርት ቤት ያነበቡትን ታሪክ አባቱ ከቆመበት ዳርቻ ሆነው ቢያስቡት ከመጽሐፉ ይልቅ ይገባቸዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጨረሻ ስለሚቀሩት እንናገር። ሁላችንም እኩል አቅም የለንም። ስለዚህ የሚሄደው «እገሌ ሄደ» ለመባል አይሂድ፤ የሚቀረውም አይፈር። ልጆች በሰው ፊት ሲወዳደሩ ነው ሠፈር የሚከፋው። የሄዱት ሲመለሱ ፎቶግራፉንና ወሬውን በማኅበሩ አዳራሽ ለሁሉም ልጆች እንዲያካፍሉ፣ የወጪውንም ዝርዝር ለሚቀጥለው ተጓዥ በጽሑፍ እንዲያስቀምጡ ጠይቀናል።

የሚቀጥለው ስብሰባ የሚወስነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የዕድሩ ሣጥን ለጉዞ እንዳይከፈት በቃለ ጉባኤ እንዲጸና፤ ሁለተኛ፣ ለጉዞ መቆጠብ የሚፈልጉ አባላት እንዲመዘገቡ። ሐሳብ ያለው ይምጣና ይናገር። በየቤቱ ከመነጋገር በስብሰባ መነጋገር ይሻላል።

ሠርተን ለማረፍ፣ ሄደንም በደህና ለመመለስ ያብቃን።

የማኅበሩ ጸሐፊ፣ ስለ ሥራ አመራር ኮሚቴው